የጌሾው ቅጠል እግር

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ፤ ዐርፌ የተቀመጥኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። ወልቂጤ ባለው ቤታችን ከበሩ እስከ ጓሮው እመላለሳለሁ፣ ያገኘሁትን ቅጠል እቀጥፋለሁ፣ አገዳውን በጥፍሬ ሰንጥቄ ዐይኔን አጥብቤ አያለሁ፣ ከዚያ እጥላለሁ። የልጄ ሚስት "እማዬ፣ እንግዳ ያመጣልንን አበባ ደግሞ እንዳትቆራርጪው" ትለኛለች። የባለቤቴንም ምላጭ የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ የሸኙኝ ቀን ጋቢ አለበሱኝ። አዲሱ ኃላፊ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ወረቀት አውጥቶ "ወይዘሮ ርብቃ በሥራ ዘመናቸው አንድም ስሕተት ያልተገኘባቸው ባለሙያ" ብሎ አነበበ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ወንበሬ ላይ እሾህ እንዳለ ሁሉ ተቁነጠነጥኩ። እውነት ነው፣ በእነሱ መዝገብ አልተገኘብኝም። ተሠርቶ ግን ነበር። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ኬኩ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተባለ፣ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። እንቅልፍም ወንበርም የነሣኝ ያ ጋቢ ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዝባት ቀጭን ዘንግ አለች፤ እኛ የቅጠል አገዳ እንላታለን። ሰው ሁሉ ቅጠሉን ያያል፣ አበባውን ያያል፤ አገዳዋን ልብ የሚል የለም። እሷን በምላጭ ስስ አድርጎ በአግድም ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ላያት ግን ውኃና ምግብ የሚመላለስባቸው ጅማቶች በውስጧ ተደርድረው ይታያሉ። የአንዱ ተክል ጅማቶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ የሌላው ግማሽ ጨረቃ ይመስላሉ፤ የሌላው እዚህም እዚያም የተረጨ ነጠብጣብ ናቸው። ዘመዳሞች የሆኑ ተክሎች በዚህም ይመሳሰላሉ፤ እንደ ወንድማማቾች ግን አንዲት ነገር ላይ ይለያያሉ፤ ያቺን ነገር ማወቅ ነው ሙያው። ቅጠሉ በጆንያ ሲደቅ፣ ከብት ሲያመነዥከው፣ አገዳዋ ጠንካራ ናትና ትተርፋለች። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት የኖርኩት በዚያች ትራፊ ነው። አሁንማ የቅጠሉን ጭማቂ ብቻ አይቶ ዘሩን የሚናገር መሣሪያ መጥቷል ይላሉ። የኔ ማይክሮስኮፕ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ዕቃ ሆኗል።

ቡታጅራ የተቀጠርኩት ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ወልቂጤ ሳይንስ አስተምር ነበር። አባቴ ወንበርና ቁም ሣጥን እየሠራ ያሳደገን አናጢ ነው፤ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ። የዕፅዋት መመርመሪያዋ ጣቢያ ሦስት ክፍል ያላት፣ ጣሪያዋ ዝናብ ሲመጣ ሰው የማያነጋግር ቤት ነበረች። ደመወዙ ከአስተማሪነቱ በጥቂት ይበልጣል፤ የበለጠው ለቤት ኪራይ ሄደ፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ ሸምሱ የመስቃን ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጺማቸውን በልክ የሚያሳጥሩ። ጠዋት "አሰላሙ ዐለይኩም" ብለው ይገባሉ፣ ከኪሳቸው አንድ ካሮት ያወጣሉ። ካሮቱን ለሁለት ሰንጥቀው የቅጠሉን አገዳ መሀሉ ላይ ያጋድሙና አብረው ይቆርጡታል፤ አገዳ ብቻውን በጣት አይያዝም፣ ይላወሳል። ቀለም ያልነካውን ትራፊ ካሮት አሥር ሰዓት ላይ ይበሉታል። ምላጭንም በርዝመቱ ለሁለት ይሰብሩታል። መጀመሪያ ለሥራ ይውላል፣ ሲደክም ለጺማቸው። "ሥራ የጠገበ ምላጭ ለጺም ይበቃል" ይላሉ፤ "ጺም የነካ ግን ለቅጠል አይበቃም።"

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያስቆረጡኝ ካሮት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ችኩል ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት "ጋሼ፣ እኔ ወጥ ቤት ነው ወይስ ላቦራቶሪ የተቀጠርኩት?" አልኳቸው።

"ርብቃ፣ ምላጭ እንደ መጋዝ አይመላለስም" አሉኝ፣ ጥያቄዬን እንዳልሰሙ። "ታረጥቢዋለሽ፣ አንዴ ወደ ራስሽ ትስቢያለሽ፣ አበቃ። ስትመላለሺ ጅማቱን ትቀጠቅጪዋለሽ፤ ከዚያ የምታዪው ተክሉን ሳይሆን የራስሽን ጥድፊያ ነው።"

የተቆረጠው ሰሃን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ከሃያው ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፈው አንዱ ወይ ሁለቱ ነው፤ እሱን በሥዕል ብሩሽ ጫፍ አንሥተን ቀይ ቀለም ውስጥ እንነክራለን። መብራት ሲጠፋ፣ ያው ብዙ ቀን ነው፣ ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አድርገን በመስተዋቱ የፀሐይ ብርሃን እንሰበስባለን። የመጀመሪያዋን ጥርት ያለች ክብ ያየሁ ቀን በደስታ ጮኼ ዘበኛው እባብ መስሎት ዱላ ይዞ ገባ።

ጋሽ ሸምሱ ፈጽሞ የማይተዉት አንድ ልማድ ነበራቸው። ትኩስ ቅጠል ከዛፍ ሲቆርጡ፣ ምላጭ ከመንካታቸው በፊት፣ ከአገዳው በቅርንጫፉ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ።

"ቅጠል እግር አለው፣ አንገት አለው" ይሉኛል። "እግሩ ከቅርንጫፉ ጋር የነበረው ነው፤ አንገቱ ከቅጠሉ ሥር ያለው። ጅማቱ ከእግር ተነሥቶ አንገት እስኪደርስ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከእኩሌታው ላይ ነው የምንቆርጠው። እግሩን ሳታውቂ ግን እኩሌታው የት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

ይህን በዓመት መቶ ጊዜ ይሉኝ ነበር። መቶ ጊዜም "እሺ ጋሼ" እላለሁ።

ጥሩ ቀኖችም ነበሩን። አንድ ጊዜ ከአገና አካባቢ አንድ ሰው በሬው ሞቶበት ጎረቤቱን "መርዝ አብልቶብኝ ነው" ብሎ ከሰሰ። ሽማግሌዎቹ ከበሬው ሆድ የወጣውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሽታውን ተዉት። ቅጠሉ አልቆ ነበር፤ አገዳው ግን አለ። ቆረጥነው፤ መሀሉ ክፍት፣ ጅማቶቹ ዙሪያውን ክብ ሠርተው የቆሙ። ብሳና ነው ያሉ ነበሩ፤ የብሳና ዘመድ ነው እንጂ ብሳና አይደለም። ጉሎ ነው፤ ፍሬው ከብት ይገድላል። ጋሽ ሸምሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደው ሲያዩ፣ ራሱ ባለ በሬው ጉሎ ከነፍሬው መንጥሮ በሬው ከሚታሰርበት አጥር ሥር ከምሮታል። ጎረቤቱ ነጻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያ ጎረቤት ለዓመት በዓል ሁሉ ቆጮ ይልክልን ነበር። ያን ቀን የቅጠል አገዳ የሰው ስም እንደሚያድን አየሁ። እንደሚያጠፋም ያየሁት በራሴ እጅ ነው።

የጌሾው ነገር እንዲህ ነው የመጣው። በቡታጅራና በጥያ መንገድ ያሉ ሴቶች በማኅበር ሆነው የደረቀ የጌሾ ቅጠል ለአዲስ አበባ ነጋዴ ያቀርቡ ነበር። ነጋዴው "ጸዶ እየተቀላቀለበት ነው" ብሎ አቤት አለ። ጸዶ የጌሾ የቅርብ ዘመድ ነው። ከቁጥቋጦው ላይ እያለ ልጅም ይለየዋል፤ ደርቆ ጆንያ ውስጥ ከተሰባበረ ግን አገዳውን ካላዩ ፈተና ነው። በጸዶ የሚጠነስስ ሰው የለም አይባልም፤ ጌሾ ብሎ የከፈለ ግን ጌሾ ይፈልጋል። ማኅበሩ የየአንዳንዷን ሴት ናሙና በፌስታል አድርጎ ወደ እኛ ላከ። እንግዲህ ጠላ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሙስሊምና አንዲት ጴንጤ፣ የአገሩ ጌሾ ዳኞች ሆነን ቁጭ አልን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይህን ስታውቅ "ኧረ ጉድ! ሳይቀምሱ የሚፈርዱ!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በጌሾ አገዳ ጅማቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ወደ ላይ ተከፍቶ ይተኛል። በእኛ መዝገብ መሠረት በጸዶው የጨረቃዋ ሁለት ቀንዶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ናሙናው በመጣ ሰሞን ጋሽ ሸምሱ ዐይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ ሄዱ። ኃላፊያችን ደግሞ ግምገማ ደርሶበታል፤ በየሰዓቱ በሩን ከፍቶ "ርብቃ፣ ያ ጌሾ?" ይለኛል። ጋሼን ልጠብቅ አልኩ። "እስከ መቼ የሰው ጥላ ሥር ትኖሪያለሽ?" አለኝ። ይህች ቃል ገባችብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጥላው ሰልችቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ፌስታል ላይ "ወ/ሮ ብርቄ" የሚል ተጽፏል። አገዳዎቹ ከሌሎቹ አጠር ይላሉ። ለጋ ቅጠል ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። በሙቅ ውኃ አለሰለስኩ፣ ካሮት ውስጥ አጋደምኩ፣ ከእኩሌታው ላይ ቆረጥኩ። ቀንዶቹ ታጥፈዋል። ሌላ ቆረጥኩ፤ ታጥፈዋል። ዐሥር ቆረጥኩ፤ ዐሥሩም። እንዴት ያለ ጥርት ያለ ቆረጣ ነበር! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ቆርጬ አላውቅም። "ጸዶ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም ተደረገበት።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ጣቢያው ድረስ መጡ። በእግር ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ከኔ በዐሥር ዓመት ቢበልጡኝ ነው። ማኅበሩ አስወጥቷቸዋል። ጆንያቸውን ገበያ መሀል ዘርግፈውባቸዋል።

"ቅጠሌን ያየሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ።"

"ጌሾዬን የተከለችው እናቴ ናት። እኔ በእሱ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። አሁን ገበያው ብርቄ ጸዶ ይለኛል። እስቲ ደግመሽ እዪልኝ።"

"እትዬ፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መሣሪያው አይዋሽም" አልኳቸው።

"መሣሪያውስ አይዋሽ ይሆናል" አሉ፤ "አንቺስ?" ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ ተናድጄ ቀረሁ። አሁን ሳስበው ንዴቱ ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ግን ተናድጄ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ እንደተመለሱ መዝገቡን አዩ፣ ቆረጣዬ የተለጠፈባትን ብርጭቆ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረጉ፣ ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

"ቆረጣሽ ማሻአላህ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "እግሩስ?" አሉ።

"ከእኩሌታው ነው የቆረጥኩት ጋሼ።"

"የምኑ እኩሌታ?"

የተረፉትን አገዳዎች አወጣሁ። በቅርንጫፉ በኩል ያለው የአገዳ ጫፍ ትንሽ እብጥ ይላል። አንዱም እብጠት የለውም። ሁሉም መሀላቸው ላይ የተቀነጠሱ ናቸው።

በነጋታው የእትዬ ብርቄ ጓሮ ሄድን። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አላስገቡንም፣ አልከለከሉንም። ቁጥቋጦዎቹ ጌሾ ናቸው፤ ጋሽ ሸምሱ ከሩቅ ነው ያወቋቸው። ቅርንጫፎቹ ላይ ግን ቅጠል በተለቀመበት ቦታ ሁሉ የአገዳ ጉማጅ ቀርቷል፣ በየመስመሩ፣ እኩል እኩል።

"ይህ ምንድን ነው እትዬ?" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"እግሩን ለእናቱ እንተዋለን" አሉ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ በሚል ድምፅ። "ከነእግሩ ከመዘዝሽው ዐይኑን ይዞ ይነሣል። ከዐይኑ ነው ሌላው የሚወጣው። እናቴ በጥፍር ነበር የምታስለቅመን።"

እኔ ጎንበስ ብዬ ጉማጆቹን በማስመሪያ እለካ ነበር። "አጥሯል፣ ግማሹ የለም" እያልኩ ለጋሽ ሸምሱ እነግራለሁ። ሙሉ ቅጠል ይዘን ተመለስን፤ ቀይ ክር አሰርን፣ ቆረጥን። ከእኩሌታው፣ የተከፈተ ጨረቃ። ከአንገቱ፣ የታጠፉ ቀንዶች። እኔ ጸዶ ያልኩት የጌሾ አንገት ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ሸምጥጠው የሚለቅሙት ከነእግሩ መጥቶ አለፈ፤ ከሁሉ ተጠንቅቀው የለቀሙት ሴት ተፈረደባቸው።

ኃላፊው ሲሰማ ፊቱን አኮማተረ። "የማስተካከያ ደብዳቤ ይጻፍ" አለ፤ ተጻፈ፣ ለማኅበሩ ተላከ። የግዥው ወቅት አልፎ ነበር። ማኅበሩ ተቀብሎ ፋይል አደረገው።

"ወረቀት ገበያ አይወጣም" አሉኝ ጋሽ ሸምሱ። "ቃሉ የወጣው ገበያ ነው። ሂጂና እዚያው ንገሪላቸው።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ራሴን አመመኝ አልኩ። በሁለተኛው ዝናብ ነበር። ከዚያ ወደ ወልቂጤ የሚያዛውረኝ ወረቀት መጣ፤ ለወላጆቼ ቅርብ ነው ብዬ በደስታ ተቀበልኩት። ሽሽት ነበር። ሌላ ስም የለውም።

ወልቂጤ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ቢፒአር በተባለው የመሥሪያ ቤት ማሻሻያ ጊዜ ክፍላችን ስሙ ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤ ማይክሮስኮፑ ያው አንዱ ነው። የጉብሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተከፈተ ወዲህ ተማሪዎች በባጃጅ እየመጡ ካሮት አስቆርጣቸው፣ ሲሰለቹም ደስ ይለኝ ነበር። የሚያስቸግር ናሙና ሲያጋጥመኝ ብርጭቆውን በጥጥ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ለጋሽ ሸምሱ እልክ ነበር። መልሳቸው በትንሽ ወረቀት ይመጣል፤ የተክሉ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ቃል፦ "እግሩስ?"

ስለ ናሙናው እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን። አንድም ቀን በሌላ ቃል አልጠየቁኝም፤ አንድም ቀን መልስ አልሰጠኋቸውም። ሲሞቱ ለቅሶ ደረስኩ፤ ልጃቸው የሥራ ሳጥናቸውን አሳየኝ፤ ምላጭ፣ ብሩሽ፣ የቀይ ክር ጥቅል። ክሩን ሰጠኝ። አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ባለፈው ወር ጋቢውን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቼ በጉብሬ፣ በአገና አድርጌ ቡታጅራ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነው። የጌሾ ተራ ገብቼ "ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ ጌሾ ሻጭ" ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ አላውቅም አለች። ሌላዋም። አንዲት ልጅ እግር ጠላ ጠማቂ ቆም ብላ አሰበችና "ጸዶዋን ነው እንዴ የምትፈልጊያቸው? እዚያ ጋ ናቸው" አለችኝ። በስድብ አይደለም፤ ስማቸው መስሏት ነው። እኔ ባወጣሁላቸው ስም ነው ያገኘኋቸው።

አርጅተዋል። ዐወቁኝ። በርጩማ ገፉልኝ። እጄ እንደ ልማዱ ከክምሩ አንድ ቅጠል አነሣ። አገዳዋን አየሁ። እብጠቷ አለች፤ ከነእግሯ ናት። ሌላ አነሣሁ። ሁሉም ከነእግራቸው።

"እትዬ፣ እግሩን ለእናቱ ትተዉ አልነበር?"

"ድሮ ነው። ያኔ ስትለኪ 'አጥሯል፣ ግማሹ የለም' ስትይ ሰማሁሽ። ጥፋቴ ማሳጠሬ ነው ብዬ ከዚያ ወዲህ ከነእግሩ እመዛለሁ። ጎረቤቱም እኔን አይቶ ፈራ፣ እንደኔ ሆነ።"

"ቁጥቋጦውስ?"

"ምን ቁጥቋጦ አለ" አሉ። "ዐይኑ አብሮ እየተነሣ መለመሉን ቀረ።"

ነገርኳቸው። ጌሾ እንደነበር፣ አንገቱን እንደቆረጥኩ፣ ደብዳቤ እንደተጻፈ፣ ሳልመጣ እንደቀረሁ። ከቦርሳዬ የደብዳቤውን ግልባጭ አወጣሁ። እጃቸውን አልዘረጉም።

"ለእኔ ምን ታነቢልኛለሽ? እኔማ ጌሾ እንደነበረ ዐውቃለሁ። ለእነሱ ንገሪያቸው" አሉና በአገጫቸው ተራውን አሳዩኝ።

ተነሣሁ። "እናንተ ሰዎች!" ብዬ ጮህኩ፤ አንዳንዱ ዞረ፣ አንዳንዱ ዋጋ መከራከሩን ቀጠለ። "እኚህ ሴት ጸዶ ሸጠው አያውቁም። ጸዶ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ!" ያቺ ጠማቂ አፏን ይዛ "ውይ፣ ስድብ ነበር እንዴ? እና አሁን ምን እንበላቸው?" አለች።

"ብርቄ" አሉ እትዬ ብርቄ፣ ሚዛናቸውን እያስተካከሉ። ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ፤ አንዲት አሮጊት "እኔስ ብያችሁ ነበር" አለች። ከዚህ የበለጠ ነገር አልሆነም። ገበያው ቀጠለ።

ወደ ማታ ጓሯቸው ወሰዱኝ። ከእናታቸው ቁጥቋጦዎች አራት ቀርተዋል፤ ቅርንጫፎቹ ረጃጅም፣ ቅጠል ጫፋቸው ላይ ብቻ። አንዱን ጎንበስ አድርገው ያዙልኝ።

"እጄ ረስቶታል" አሉ። "ብዙ ዓመት ስመዝ። አንቺ በማስመሪያ ለክተሽው ነበር፤ የት ላይ ነበር የምንቀነጥሰው?"

ዐውቀዋለሁ። ከእኩሌታው ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ቅርንጫፉ። ሁለቱን ጥፍሮቼን አገናኘሁ፣ አልቸኮልኩም፣ አንዴ ብቻ ጫን አደረግኩ። ቅጠሉ መዳፌ ላይ ቀረ።

እትዬ ብርቄ ዐይናቸው ደክሟል፤ ቅርንጫፉን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ፈለጉ።

"እግሩስ?" አሉኝ።

"ከእናቱ ጋር ነው" አልኳቸው።